ሦስት ቆርኪ ስኳር

ይህን የምጽፈው እኔ ቦጂያ ነኝ፤ የቡራዩው፣ ባጃጅ ነጂው ቦጂያ። በከተማችን ሌሎች ሁለት ቦጂያዎች አሉ። አንዱ ዲያቆን ነው፣ ሌላው ጨዋ ሰው ነው፤ ስለዚህ ከእኔ ጋር አይምታቱባችሁም። ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ እውነት ነው። ውሸት ከተገኘበት የገፈርሳ ውሃ ጉሮሮዬ ላይ ይቁም፣ ባጃጄ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ትንፈገኝ፣ ስሞትም ቀባሪዎቼን የመቃብሬ ቦታ ይጥፋባቸው። አፍ ለአፍ ሳወራ ሰው አይኔን አይቶ ይፈርዳል። ወረቀት አይን ስለሌለው ነው መሐላ ያበዛሁት።

ትምህርት እስከ ስድስተኛ ክፍል ሞክሬያለሁ። ከዚያ በኋላ እኔም መምህሮቼም ደከመን። ፊደሉ ቢጋደም ይቅር በሉኝ፤ ነገሩ አልተጋደመም።

ኦቦ ባይሳ ቢራ ጠማቂ ነበሩ። ጠላ አላልኩም፤ ቢራ ነው ያልኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ መጀመሪያ ታንከር አጣቢ፣ በኋላ ቢራው የሚፈላበት ክፍል ሠራተኛ ሆነው ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ የእጅ ሰዓት ሸለሟቸው። ሰዓቱ በሦስተኛው ወር ቆመ፤ እሳቸው አልቆሙም። ገፈርሳ ግድቡ አጠገብ የአባታቸው መሬት ነበራቸው። አብዛኛው ለኢንቨስተር ተሰጥቷል ተባለና ታጠረ። ኢንቨስተሩን ያየው ሰው የለም፤ አጥሩ ውስጥም እስካሁን የበቀለው ሣር ብቻ ነው። ለኦቦ ባይሳ የቀረቻቸው ቤታቸውና ጓሯቸው ናት። መሬት ከሄደ በሬ ምን ያርሳል? ሦስቱን በሬዎቻቸውን ሸጡና ሱሉልታ ከተዘጋ አንድ የወተት ድርጅት ሁለት አሮጌ የወተት ማቀዝቀዣ ታንከር ገዙ። ጓሯቸው ውስጥ ቆርቆሮ ቤት ቀለሱ። ፋብሪካው ይኸው ነበር።

ሦስት ዓይነት ቢራ ይጠምቁ ነበር፤ ለሦስቱም የበሬዎቻቸውን ስም ሰጧቸው። ቡሬ ቀላ ያለ፣ ለስላሳ፣ ሴቶች የሚወዱት ነው። ዳለቻ አመድማና ድፍርስ ነው፤ ሳይንቀጠቀጥ ለማይነሳ ሽማግሌ ይሆናል። ጉራቻ ጥቁር ነው፤ የተቆላ ገብስ ይሸታል፣ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ አማትህን ትወዳለህ። "በሬዎቼን ሰው እየጠጣቸው ነው" ይሉ ነበር፤ ሲሉት ግን አይስቁም። ገብሱ ከሱሉልታ፣ ውሃው ከራሳቸው ጉድጓድ፣ መራራው ደግሞ ከሰበታ ገበያ የሚመጣ ጌሾ ነው። ፈቃዳቸው ላይ "የጠላ ንግድ" ይላል። የቢራ ፈቃድ ሲጠይቁ፣ የቢራ ፈቃድ የሚሰጠው ለትልቅ ፋብሪካ ነው፣ ለእንዲህ ዓይነቷ ትንሽ ቢራ ፎርም የለንም አሏቸው።

እኔ አከፋፋያቸው ነበርኩ። ባጃጅ አዲስ አበባን ማቋረጥ ስለማይፈቀድላት ሳጥኑን ታክሲ ተራ ድረስ አደርስና ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭኜ አብሬው እሄዳለሁ። ማክሰኞ ሰበታ፣ ቅዳሜ ሱሉልታ። ቢራው በጥራቱ ይሸጥ ነበር፤ እኔ ግን ጥራት ብቻውን ደረቅ ሆነብኝና ወሬ አጠጣሁት። ሰበታ ስደርስ፣ "ባለፈው ሱሉልታ ሰርግ ላይ አንድ ጉራቻ ቢከፈት ቆርኪው ድንኳን በስቶ ቁራ ጣለ" እላለሁ። ሱሉልታ ስደርስ፣ "ሰበታ ላይ አንድ ጉራቻ ቢፈነዳ የቡና ቤቱን ቆርቆሮ አንስቶ ጎረቤት ጣለው" እላለሁ። ውሸት ሁልጊዜ የሚደረገው ጎረቤት ከተማ ነው፤ ሕጉ ይህ ነው።

የላሟ ነገር ግን ውሸት አይደለም። ጎረቤታችን ብዙነሽ የኦቦ ባይሳን አተላ እየወሰደች ላሟን ታበላለች። አንድ ጠዋት ስታልባት የወተቱ አረፋ ሁለት ጣት ሆኖ ወጣ፤ እስከ እኩለ ቀንም አልወረደም። ላሟም አጥሩን ተደግፋ ቆማ፣ ያለፈውን ሁሉ በጭንቅላቷ ሰላም ስትል ዋለች። ብዙነሽ ዛሬም አለች፤ ሄዳችሁ ጠይቋት።

አሁን ወደ ቆርኪው ልምጣ።

ቢራ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ጋዝ እንዲይዝ ትንሽ ስኳር ይፈልጋል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በማሽን ጋዝ ይነፉበታል፤ ኦቦ ባይሳ ማሽን የላቸውም። መለኪያቸው ቆርኪ ነበር። ቆርኪውን ገልብጠው በስኳር ይሞሉታል፣ ከላይ የተቆለለውን በቢላ ጀርባ ይላጩታል፣ ከዚያ ጠርሙሱ ውስጥ ያንቆረቁሩታል። ለአንድ ጠርሙስ አንድ ቆርኪ፣ የተላጨ። ከዚያ ካነሰ ቢራው ይተኛል፤ ከበለጠ ጠርሙሱን ይቆጣል። ሺ ጠርሙስ ቢሆን ሺውንም ራሳቸው ይለኩ ነበር። ሚስታቸው አዴ ገለቴ እንኳ አይፈቀድላቸውም። የእኔ ሥራ ክዳን መምታት ብቻ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. የነበረውን ለማያውቅ በአጭሩ ልንገረው። አዲስ አበባን ወደ እኛ መሬት ያሰፋል የተባለውን የማስተር ፕላን ወረቀት በአይኑ ያየ ሰው በሰፈራችን የለም፤ መሬቱ ላይ ሲሄድበት ግን ሁሉም አይቶታል። ልጆች መንገድ ወጡ። ጥይት መጣ። ከዚያ ፕላኑ ተሰረዘ ተባለ፤ የሞቱት ግን እንደሞቱ ቀሩ። ክረምቱ ሲወጣ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ ሦስት ቀን ድንጋይ ሆነ። ቢራ ማከፋፈል የሚሉት ሥራ፣ ዛሬ ማን ለቅሶ እንዳለው ጠይቆ መዞር ሆነ።

ያኔ በቀበሌያችን ካሳሁን የሚባል የጸጥታ ሰው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ እኔ ወደ ሱሉልታ ሳልወጣ ይመጣል፣ ከፊት ካገኘው ሳጥን አንድ ጠርሙስ ያነሳል፣ በጥርሱ ይከፍታል፣ "ይቺ የመንግሥት ድርሻ ናት" ይላል፣ ከዚያ ማን ከማን ጋር እንደጠጣ ይጠይቃል። በጥርሱ መክፈቱን ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ ብዬው ነበር፤ መከራውም የመጣው ከዚያ ነው።

በመስከረም 2009 መጀመሪያ አንድ ሐሙስ፣ የጎረቤታችን ልጅ ዋቆ መንገድ ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። ኦቦ ባይሳ ሳጥኖቹን እየለኩ ሳለ ጩኸቱ ተሰማ። ቢላውን አስቀመጡ። አንድ ሳጥን፣ ሃያ አራት ዳለቻ፣ ሳይለካ ቀርቶ ነበር። ቢራው ተቀድቷል፤ ካልተከደነ ይበላሻል። ጋቢያቸውን እየደረቡ አዩኝ።

"ቦጂያ፣ ይቺን አንተ ለካት" አሉኝ።

"እኔ?"

"እጅ የለህም?"

"እጅማ አለኝ ኦቦ፤ እምነት አይጣልብኝም እንጂ" አልኩ፣ ለቀልድ።

"ቆርኪ ሙሉ፣ የተላጨ። አንዳንድ። ሰማህ?"

"ሰማሁ።"

በሦስት ዓመት ውስጥ ያን ቢላ ሲሰጡኝ የመጀመሪያቸው ነበር። ወጡ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ፤ ከሰይጣን ጋር ካላችሁኝ ሁለት።

የካሳሁን ጥርስ ትዝ አለኝ። አንዱን ዳለቻ ሦስት ቆርኪ ባጎርሰው፣ ቅዳሜ በጥርሱ ሲከፍተው ፊቱ ላይ እንዴት እንደሚተፋበት ታየኝ። ሳቄ መጣ። ከኦቦ ባይሳ ስኳር ብወስድ ይታወቃል፤ ስለዚህ ሸምሰዲን ሱቅ ሮጥኩ። ያኔ ስኳር በራሽን ነው፤ ሸምሰዲን ግን ለወዳጅ ከባንኮኒ ሥር ያወጣል።

"ሩብ ኪሎ ስኳር" አልኩት።

"ኦቦ ባይሳ አለቀባቸው?"

"አይ፣ ለኔ ነው። ሻይ ላፈላ።"

"አንተ ቤት ሻይ የሚፈላው ጎረቤት ሲቃጠል ነው" አለና መዘነልኝ። "ዋቆን ሰማህ አይደል? በዚህ ቀን ስኳር የሚያምረው ሰው ይገርመኛል።"

ስኳሩን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

አንዱን ብቻ ባደርግ የቱ እንደሆነ ይጠፋብኛል፣ ካሳሁንም የትኛውን እንደሚያነሳ አላውቅም። ስለዚህ ሃያ አራቱንም ሦስት ሦስት ቆርኪ አጎረስኳቸው። አንዱንም አልላጨሁም። ክዳናቸውን መታሁ፣ ሳጥኑ እጀታ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ፣ በሩ አጠገብ ከፊት አኖርኩት። ማታ ኦቦ ባይሳ ከለቅሶ ሲመለሱ አይናቸው ቀልቶ ነበር።

"ላጨኸው?" አሉኝ።

"ላጨሁት ኦቦ።"

"ዱጋ?" እውነት? ማለታቸው ነው።

"ዱጋ!" አልኩና ደረቴን መታሁ።

ቅዳሜ ካሳሁን አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ከዋቆ ቀብር በኋላ ሰዉ አይኑን ሲያፈጥበት ጓዙን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ዘመዶቹ ዘንድ ገብቶ ኖሯል። እኔ ደግሞ ሰበታ ሄጄ መንገድ ተዘጋብኝ። የቢሾፍቱው ኢሬቻ ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ያለቀበት ሳምንት ነበር። ሰበታ አካባቢ ፋብሪካ ሲቃጠል፣ ጭሱ ፀሐይን እንደ ብርቱካን ሲያደርጋት፣ አንድ የማላውቀው ሰው ግቢ ውስጥ ባዶ ጠርሙስ ታቅፌ አራት ቀን ተቀመጥኩ። ቡራዩ ስመለስ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጇል። ለአራት ሆኖ መቆም ያስፈራል። እኔ ደግሞ ብቻዬንም ስሆን አፌ ያስፈራኛል።

ሳጥኗስ? አዴ ገለቴ ቤቱን ሲያስተካክሉ ወደ ጥግ አግብተው ጆንያ አልብሰዋታል። ጆንያውን ገልጬ አየሁ። ክዳኖቹ ወደ ላይ አበጥ አበጥ ብለው ነበር። ስኳር ጠርሙስ ውስጥ ሥራ አይፈታም፤ በየቀኑ ይገፋል። ያኔ ጓሮ ወስጄ፣ ብርድ ልብስ ጣል አድርጌባት፣ ከሩቅ በድንጋይ ልሰብራት ይገባኝ ነበር። ድምፁ ግን ጥይት ይመስላል፣ በዚያ ሰሞን ጥይት የሚመስል ድምፅ ደግሞ ወታደር ይጠራል። ለኦቦ ባይሳ ልንገራቸው? "ዱጋ" ብዬ ደረቴን መትቻለሁ። ጆንያውን መልሼ አለበስኳት። ነገ አልኩ። ነገን እስከ ጥቅምት አራዘምኩት።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ረቡዕ ጠዋት ለፍተሻ መጡ። ስድስት ወታደሮች ነበሩ። የጦር መሣሪያ ፍለጋ ቤት ለቤት ነው፤ የእኛ ቤት ብቻ አልነበረም። ባጃጄን በር ላይ አቁሜ ሳጥን ላወርድ ስል ደረሱ። ኦቦ ባይሳ አልተደናገጡም። ወንበር አወጡላቸው።

"ምንድነው ይሄ?" አለ አለቃው፣ ታንከሩን በእጁ እየመታ።

"ቢራ ነው፣ የኔ ጌታ።"

"ፋብሪካ ነው?"

"ፋብሪካስ አይባልም። በሬዎቼ ናቸው።"

አለቃው ያበዱ መስሎት አያቸው። ከወታደሮቹ አንዱ፣ ልጅ እግር ነው፣ ጢሙ ገና አልሞላም፣ አፍንጫውን ወደ ታንከሩ አስጠግቶ ፈገግ አለ።

"እናቴ ቦርዴ ትጠምቃለች" አለ። "ልክ እንዲህ ነው ቤታችን የሚሸተው።"

"እንግዲያው ቅመሳ" አሉት ኦቦ ባይሳ፣ ብርጭቆ ጉራቻ እየቀዱ።

"ሥራ ላይ ነኝ አባቴ።"

"አሽተው እንግዲህ። ማሽተት ሥራ አያስፈታም።"

ልጁ ሳቀ፤ ጠመንጃውን ወደ ኋላው አዙሮ ብርጭቆውን አሸተተ። አለቃው እንኳ ፊቱ ለዘብ አለ። ሊጨርሱ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ፣ ሊወጡ ነው፣ ሊወጡ ነው እላለሁ። ልጁ ብርጭቆውን መልሶ፣ "ያቺ ጥግ ብቻ ቀረች" አለና ወደ ጆንያው ሄደ።

"ተው!" ማለት ነበረብኝ። አንድ ፊደል ተኩል የምታህል ቃል ናት። አፌ ተከፍቶ ነበር።

ሳጥኑን ብድግ አደረገው።

የመጀመሪያው ጠርሙስ ሲፈነዳ ሌሎቹን ቀሰቀሳቸው። አንድ፣ ሦስት፣ ከዚያ ሳይቆጠሩ ሁሉም አንድ ላይ። ልጁ ፊቱን ይዞ ወደቀ። "ፈንጂ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ፣ ከዚያ ተኩስ። እኔ ባጃጄ ሥር ነበርኩ፤ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም፤ ባጃጅ ሥር ሰው አይገባም፣ እኔ ግን ገባሁ። ተኩሱ ሲቆም ሁለቱም ታንከሮች ተበሳስተው ነበር። ኦቦ ባይሳ በደረታቸው ተኝተዋል፣ የአንዱ ወታደር ጫማ ጀርባቸው ላይ ነው። ጉራቻ በጓሮው ቁልቁል ፈሰሰ፣ በኢንቨስተሩ አጥር ሥር አልፎ ሣሩ ውስጥ ገባ። በሬው ከተሸጠ ወዲህ መሬቱን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር።

ልጁን ተሸክመው ሮጡ። በጣቶቹ መካከል ደም ይወርድ ነበር፤ "እማ" ነበር የሚለው። ኦቦ ባይሳን እጃቸውን ወደ ኋላ አስረው ወሰዷቸው። በእኔ አጠገብ ሲያልፉ አዩኝ።

በሦስት ቀን ውስጥ ወሬው ሰበታም ሱሉልታም ደረሰ፤ ባይሳ ፈንጂ ሲያመርት ተያዘ። መርማሪዎች ሰው ሲጠይቁ ሰው ምን አለ? "አዎ፣ የሱ ጠርሙስ ሰበታ ላይ ቆርቆሮ አንስቷል ሲባል ሰምተናል።" "አዎ፣ ሱሉልታ ላይ ድንኳን በስቷል።" የኔ ውሸቶች በየተራ እየቆሙ ኦቦ ባይሳ ላይ መሰከሩ። ውሸቶቼ በሕይወታቸው እንዲህ ተከብረው አያውቁም።

የልጁ አንድ አይኑ እንደጠፋ ሰማሁ። ስሙን ግን ማንም ሊነግረኝ አልቻለም።

አዴ ገለቴ በየቀኑ ስንቅ ይወስዳሉ፤ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ፖሊስ ጣቢያው አጠገብ ትልቅ ባሕር ዛፍ አለ፣ ከሥሩ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ። በአራተኛው ቀን ሳህኑ ሳይነካ ተመለሰ። በአምስተኛው ቀን ልብሳቸው ለአጠባ ወጣ፤ አዴ ገለቴ ሸሚዙን ባጃጅ ውስጥ ዘርግተው ጀርባውን አዩና፣ አጣጥፈው ቀሚሳቸው ሥር ደበቁት።

"ማል ታኤ አዴ?" አልኳቸው፤ ምን ሆኑ?

"የሚጠይቁትን አያውቅም" አሉ። "ጠርሙሱን እንዴት እንደሚያፈነዳው ንገረን ነው የሚሉት። ሰውዬው ሃያ አምስት ዓመት ጠርሙስ እንዳይፈነዳ ሲለፋ የኖረ ነው፤ ምን ብሎ ይንገራቸው? ማን ለካው ሲሉት ደግሞ፣ ሁሉንም የለካሁት እኔ ነኝ ብሏል።"

መሪውን ጨብጬ መንገዱን ብቻ አየሁ። "ሁሉንም የለካሁት እኔ ነኝ" ብለዋል።

በዚያው ቀን ሸምሰዲን ሱቁ በር ላይ አስቆመኝ።

"ቦጂያ፣ ያ ሻይ እንዴት ነበር?"

"የቱ ሻይ?"

"ሩብ ኪሎ የገባበት ነዋ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ ያየሁት ስትገዛ ነው። የት እንደጨመርከው የሚያውቁት አላህና አንተ ብቻ ናችሁ። እኔ ብናገር ወሬ ነው፤ አንተ ብትናገር ምስክር ነው። ሽማግሌው እዚያ ውስጥ እስከ ክረምት አይደርሱም።"

"ይገድሉኛል፣ ሸምሴ። የልጁ አይን አለ።"

"እሳቸውንስ ምን እያደረጓቸው ነው? ከረሜላ እየሰጧቸው ነው?"

በዘጠነኛው ቀን ሄድኩ። አዴ ገለቴ ስንቅ ለማቀበል ሲሰለፉ ባጃጄን ቆልፌ፣ ኮፍያዬን አውልቄ፣ በዋናው በር ገባሁ። አንድ የተኮሳተረ መርማሪ ጠረጴዛ ላይ ክርኑን ተክሎ ብርቱካን ይልጣል።

"ምን ፈለግክ?"

"ጠርሙሶቹን ያፈነዳሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ሦስት ሦስት ቆርኪ ስኳር ጨምሬባቸው ነው። ሽማግሌው አያውቁም።"

መላጡን አቆመ። "ስምህ?"

"ቦጂያ።"

"የላሟ ቦጂያ?" አለ፣ አይኑ እየበራ። "አረፋ የታለበችዋ?"

"አዎ፣ እሱ ግን እውነት ነው..."

ወደ ጓዳው ዞሮ ተጣራ። "ኑ እዩት! ያ ቆርቆሮ አነሳ የሚለው ሰውዬ ነው! ዛሬ ደግሞ በስኳር ፈንጂ ሠርቻለሁ እያለ ነው!" ሦስት ሰዎች መጡና ከበቡኝ። ስለ ቁራው አስነገሩኝ። ሳቁ። ማልኩላቸው፣ አለቀስኩላቸው፤ የባሰ ሳቁ። በመጨረሻ አንዱ ኮሌታዬን ይዞ አወጣኝና፣ "ሽማግሌውን ትወዳቸዋለህ፣ ገብቶኛል፤ ሂድ አሁን" ብሎ በእግሩ መርቆ ሸኘኝ። በሕይወቴ አንድ ቀን እውነት ብናገር ያመነኝ ጠፋ።

ኦቦ ባይሳ በአምስተኛው ወር፣ መጋቢት ላይ ተፈቱ። ክስ የለም፣ ይቅርታም የለም፤ ሂድ ብቻ። ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ እንደ ልጅ ደግፌ አስገባኋቸው። ቀኝ እጃቸው ላይ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። መንገዱን ሙሉ ያወሩት ስለ ገብስ ዋጋ ነው።

እቤት ሲደርሱ ወደ መኝታቸው አልሄዱም፤ በቀጥታ ቆርቆሮ ቤት ገቡ። የተበሳሱትን ታንከሮች ዞሩና አዩ። አዴ ገለቴ ስኳርና ቢላ አቀረቡላቸው፤ ደስ ይላቸዋል ብለው ነው። ቆርኪ ገለበጡ፣ ሞሉት፣ ቢላውን አነሱ። ቢላው ከማይታጠፉት ጣቶቻቸው ሾለከና ስኳሩ መሬት ተደፋ። እንደገና ሞሉ። ተደፋ። ሦስተኛውን አልሞከሩም።

"ገለቴ፣ ውሃ አምጪልኝ" አሉ። ሲወጡላቸው ወደ እኔ ዞሩ።

"ቦጂያ፣ አምስት ወር ሙሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ሌላው ሁሉ ተረስቶኛል። ያቺ ቀይ ክር የነበረባት ሳጥን፣ በዋቆ ቀብር ሰሞን የለካሃት... ልክህ ልክ ነበር? ላጭተኸው ነበር?"

አይናቸውን አየሁ። ቁጣ የለበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

"ላጭቼው ነበር ኦቦ።"

"ዱጋ?"

"ዱጋ።"

ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው። ቢራውን ሳይበስል ከታንከር አውጥቼዋለሁ ማለት ነው፤ ያልበሰለ ቢራ ጠርሙስ ውስጥ መፍላቱን አይተውም። አርጅቻለሁ፤ ምላሴ ዋሽቶኛል። የዚያን ልጅ አይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።" ቢላውን ጨርቅ ላይ ጠረጉና ሰጡኝ። "ሌላ አልጠምቅም። ይቺን ያዛት፣ ለሽንኩርትም ትሆንሃለች።"

ከዚያ ወዲህ አልጠመቁም። አንደኛው ታንከር ተሸጠ፤ ሁለተኛው ቀዳዳው በሙጫ ተደፍኖ የብዙነሽ ላም ውሃ ትጠጣበታለች። ኦቦ ባይሳ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይቀመጣሉ። የወታደር ልብስ የለበሰ ወጣት ባለፈ ቁጥር ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ፣ አይኑን ያያሉ፤ ሁለት መሆኑን ካዩ በኋላ ይቀመጣሉ።

ስጀምር ሁሉም እውነት ነው ብዬ ምያለሁ። ከውሃውም ከፍሬኑም ጋር እንዳልጣላ፣ አንዲት ነገር እንደጨመርኩ ልናዘዝ። ላሟ አይደለችም፤ ላሟ እውነት ናት።

ጣቢያው ውስጥ አልገባሁም። ብርቱካን የሚልጥ መርማሪ የለም። ያን ታሪክ፣ ኦቦ ባይሳ በማይደርሱበት ታክሲ ተራ ላይ ስንቴ እንደነገርኩት! ሰው ሁሉ፣ "አይ ቦጂያ፣ እውነት ተናግሮ ተባረረ" እያለ ይስቃል፣ ሻይ ይጋብዘኛል፤ ስነግረው ስነግረው እኔም የገባሁ ይመስለኝ ጀምሮ ነበር። የሆነው ይህ ነው፦ በዘጠነኛው ቀን ከባሕር ዛፉ ሥር ተነስቼ እስከ በሩ ሄድኩ። ዘበኛው፣ "ምን ነበር?" አለኝ። "ሰዓት ስንት ነው?" አልኩት። ነገረኝ። አመስግኜ ተመለስኩ።

ኦቦ ባይሳ ይህን ማንበብ አይችሉም፤ ሸምሰዲን ግን ይችላል። ወረቀቱን ነገ ሱቁ አደርስለታለሁ፣ እሱ በራቸው ላይ ተቀምጦ ያነብላቸዋል። እስከ ላሟ ድረስ ይስቁ ይሆናል። እዚህ ጋ ሲደርስ ግን ጮክ ብሎ ያንብብልኝ፦ ኦቦ፣ አልላጨሁትም። ሦስት ሦስት ነበር። ቢራዎ በስሎ ነበር።